ትርፍ

ነገሩ የተበላሸው እህቷ ክፉ ቃል ስለተናገረች አልነበረም። እህቷ ክፉ ቃል ሳትናገር ውላ አታውቅም። የተበላሸው ይሄኛው ቃል ልክ ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ጠዋት ነው፤ ዝናብ ይጥላል። የአባታቸው ሚኒባስ ተማሪና ሠራተኛ ጭኖ ዳገቱን ይወጣል። ታላቅ እህት የፊት ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ካልኩሌተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ አንዱን ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች። ታናሽየዋ መሪውን በያዘው አባታቸውና በእህቷ መካከል፣ ሞተሩ ላይ ናት። ሞተሩ ላይ ያለው ነገር ወንበር አይደለም። ስፖንጅ ተደርጎበት ላስቲክ የለበሰ የብረት ክዳን ነው። ይሞቃል፤ መደገፊያ የለውም፤ የሚቀመጥበት ሰው ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለተሳፋሪው ሰጥቶ ነው የሚሄደው።

«ባትሪውን ጨርሰሽዋል» አለች እህቷ።

«ትናንት ይሠራ ነበር።»

«ትናንት ፈተና ነበረኝ? ዛሬ ነው ፈተናዬ። ሳትጠይቂኝ ለምን ትነኪዋለሽ?»

«ጠይቄሽ ‹እህ› ብለሻል።»

«ተኝቼ ነበር።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ነቅተሽም ‹እህ› ነው የምትዪው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ነገሩ የእህትማማች ጭቅጭቅ ሆኖ ይቀር ነበር። እህቷ ግን በሰው ፊት ሲሳቅባት አትችልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት፣ መሳቂያ መሆን አልለመደችም። ካልኩሌተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

«አንቺ እኮ» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ድሮም ትርፍ ነሽ። ወንበሩ ሞልቶ፣ በሩ ተዘግቶ ካበቃ በኋላ የመጣሽ ትርፍ።»

ትርፍ ማለት ምን እንደሆነ ሚኒባስ የሚሳፈር ሁሉ ያውቃል። ከወንበሩ ቁጥር በላይ የሚጫን ሰው ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ጎንበስ በል የሚባለው። የሚቀመጠውም ሞተሩ ላይ ነው። ልጅቷ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጣለች። ሥዕል ቢያስሉት እንዲህ አይገጥምም። ሚኒባሱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ ሳቀ፤ ቅርጫት የያዙት እናት ሳይቀሩ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። የኋለኛው ወንበር ላይ ጡሩንባ የሚባለው የክፍሏ ልጅ ነበር፤ ሰምቶ ማሳደር ስለማይችል ነው ስሙን ያገኘው። እሱ አልሳቀም። ቃሉን በጥንቃቄ ያስቀምጥ ነበር።

ዞር ብላ አባቷን አየችው። የዝናብ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል። አባቷ ማርሽ ቀየረ። ሌላ ምንም አልቀየረም።

ቃሉ ልክ ነው ስንል በወሬ አይደለም። ሁለት ታላላቅ ወንድሞች አሏት፤ ሁለቱም ወጥተው ሥራ ይዘዋል። ከነሱ ቀጥላ እህቷ መጣች፤ ከዚያ ቤቱ ተዘጋ። የሕፃን አልጋው ለጎረቤት ተሰጠ፤ ጠባብ ልብሶቹ ለዘመድ ተከፋፈሉ። ታናሽየዋ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አልጋው ከጎረቤት ተመልሶ ሲመጣ አንድ እግሩ ተሰብሮ እንደነበር እናቷ ስትስቅ ትናገራለች። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ልጅቷም ትስቅ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሷን ያወጣችው ባትሪ ያለቀባት እህቷ ናት።

በመጀመሪያው እረፍት ቃሉ ከሷ ቀድሞ ክፍሏ ደርሶ ነበር። በሩ ላይ አንዱ ክንዱን ዘርግቶ «ትርፍ አይጫንም» አላት። ለሦስት ሰው በተሠራው ዴስክ ላይ ስትቀመጥ ከኋላ «ትራፊክ መጣ፤ ጎንበስ በይ» አሏት። ሙድ መያዝ ብርቃቸው አይደለም፤ ብዙ ስም ወጥቶ ብዙ ስም ሲሞት አይታለች። አንዱን ልጅ አስተማሪውን ተሳስቶ «እማዬ» ስላለ ሳምንቱን ሙሉ እማዬ ብለውት ተዉት። ይሄኛውም ያልፋል ብላ አሰበች።

ያላለፈው በሒሳብ አስተማሪው ምክንያት ነው። ምዕራፉ ትርፍና ኪሳራ ነበር። ሰውየው ምንም ሳያውቅ ሰሌዳው ላይ የአንዲት ነጋዴን ሒሳብ ጻፈና ወደ ክፍሉ ዞሮ «እሺ፣ ትርፏ የት አለች? ማን ያገኝልኛል?» ሲል አርባ ጣት ወደ አንድ ዴስክ ተቀሰረ። አስተማሪው የሳቁን ምንጭ ሲያጣ ዞር ብሎ የሱሪውን የኋላ ኪስ መረመረ። ይህ ደግሞ ሳቁን አባሰው። ምዕራፉ ረጅም ነበር።

«መልስ አትስጫቸው» አለቻት አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ። «ካልዞርሽላቸው ይሰለቻሉ።»

አልዞረችም። ሲጠሯት ጫማዋን ታያለች፣ ደብተሯን ትገልጣለች፣ የሌለ ነገር ቦርሳዋ ውስጥ ትፈልጋለች። ከዚያ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሆኖ ስትሄድ ከኋላ «ትርፌ» አላት አንድ ድምፅ፣ ዞር አለች። የታች ክፍል ልጅ ናት፤ ከሷ የወደቀውን እስክርቢቶ ይዛ ቆማለች። የታች ክፍሏ ልጅ አልቀለደችም። ስሟ መስሏት ነው።

በቃ። ዞር ያሉበት ነገር ስም ነው።

ማታ እናቷ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ስትመለስ ሰፈር ውስጥ ሰምታ መጣች። «ምንድነው ትርፌ የሚሉሽ?»

«ተማሪዎች ናቸው።»

«ማን አወጣው?»

እህቷ ከወዲያኛው ክፍል ጮክ ብላ ታነብ የነበረውን ፊዚክስ አቋረጠች።

«ማንም» አለች ልጅቷ። «ከሒሳብ ትምህርት ነው።»

ፊዚክሱ ቀጠለ።

ትምህርት ቤቱ የሬዲዮ ክበብ አለው። ሬዲዮ የሚለው ስም ትንሽ ይበዛበታል፤ ግቢው መሐል ባለው ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አንድ ድምፅ ማጉያ ነው። በእረፍት ሰዓት ማስታወቂያ፣ ምክር፣ የጠፋ ጃኬት ይነገርበታል። ማንም አይሰማውም። ክበቡ ጽሑፍ በጠፋ ቁጥር «ጻፉ» እያለ ይለምናል።

ልጅቷ ጻፈች። ለምን እንደጻፈች ብትጠየቅ ስለተናደድኩ ትል ነበር፤ እውነቱ ግን ያን ያህል አልተናደደችም። በየቀኑ ሞተር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ለተሳፋሪ ሰጥታ ስለምትሄድ ያየችው ነገር በዝቶባት ነው። ሌላው ሁሉ የሚሄድበትን ነው የሚያየው፤ ሞተር ላይ ያለ ሰው ግን የሚያየው የሚሄዱትን ነው። ለአለቃው ከመደወሉ በፊት ይቅርታውን በከንፈሩ የሚለማመድ ሰውዬ አለ። ጫማዋን ወንበሩ ስር አውልቃ፣ ወራጅ ከማለቷ በፊት በእግሯ ጣት እየፈለገች የምታጠልቅ ነርስ አለች። በየጠዋቱ አንዱ ለሌላው ቦታ የሚይዝ፣ ግን ተነጋግረው የማያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ። እነሱን ጻፈች።

ክበቡ ስም የሌለበት ጽሑፍ አይቀበልም፤ ከዚህ ቀደም ስሙን ያልጻፈ ሰው የርዕሰ መምህሩን ክራቫት ሰድቦ ያውቃል። ስለዚህ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ቆም አለች። የመዝገብ ስሟን ብትጽፍ «ትርፌ ድርሰት ጀመረች» ይሏታል። ትርፍ ብላ ብትጽፍ የሚጨምሩት ነገር አይኖራቸውም። ትርፍ ብላ ጻፈች።

አንባቢዋ «ከትርፍ የተላከ» ስትል ግቢው ሳቀ። ሰውዬው ይቅርታውን ተለማምዶ፣ ስልኩ ሲነሳ «ሄሎ አለቃ፣ ምን ፈለጉ?» ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ እንደገና ሳቀ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ሽንት ቤቱ አጠገብ ቆማ ነበር የሰማችው። ልዩነቱን ለማወቅ ድርሰት መማር አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰጠች። ከዚያም ሌላ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ማጉያው ሲንኳኳ ኳሱን በእግራቸው ስር መያዝ ጀመሩ። «የዛሬው የማን ነው? የትርፍ ነው?» ይባባላሉ። በር ላይ ክንዱን ዘርግቶባት የነበረው ልጅ አሁን ክንዱን የሚዘረጋው መንገድ ሊያስለቅቅላት ነው። ጡሩንባማ ጭራሽ ቤተሰብ ሆነ።

«ስሙን እኮ ያስተዋወቅኩላት እኔ ነኝ» ይላል። «እኔ ባልኖር ማን ያውቃት ነበር?»

«ሼም የለህም» አለችው ጓደኛዋ።

«ሼም ምን ያደርግልኛል። ታሪክ ነው የምነግርሽ።»

በዚህ መሐል አንድ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ታላቅ እህት፣ የትምህርት ቤቱ አንደኛ፣ ፎቶዋ በሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው፣ የራሷን ስም አጣች። የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ መታወቂያዋን ስትሰጠው ሳያየው መለሰላት። «ግቢ፤ የትርፍ እህት አይደለሽ እንዴ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ የትርፍ እህት ሆና ቀረች። ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ትቆልፍበት የነበረውን ካልኩሌተር ግን መቆለፍ ትታለች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የቋንቋ አስተማሪው ቢሮው ጠራት። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የተማሪዎችን ድርሰት ሰብስቦ በመጽሐፍ ያሳትማል። የአምናው «የነገ ተስፋዎች» ይባላል። የካቻምናው «የተስፋ አበቦች»። ከዚያ በፊት የነበረው «የነገ አበቦች» ነው።

«ዘንድሮ ይሄ ይብቃን» አለ አስተማሪው። «ከግማሽ በላይ ያንቺ ነው። ርዕሱን ‹ትርፍ› እንለዋለን። ሽፋኑ ላይ በትልቁ፣ ሌላ ምንም ሳይጨመር።»

ደስ አላት። ደስታዋን ፊቷ ላይ እንዳይታይ ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

«ግን አንድ ነገር አለ። ርዕሰ መምህሩ ‹ይሄ ስድብ ነው፤ ወላጅ ምን ይላል?› ብለዋል። ስለዚህ መግቢያ ትጽፊያለሽ። ቃሉን ማን እንዳለሽ፣ እንዴት እንደጎዳሽ። ከዚያ ደግሞ ትርፍ ማለት ማትረፍ መሆኑን እንዴት እንዳወቅሽ። ‹ከስድብ ወደ ትርፍ›። የመጽሐፉ ምረቃ ላይ ወላጆች ፊት አንቺው ታነቢዋለሽ። እመኚኝ፣ የማያለቅስ አይኖርም።»

«ማትረፍ መሆኑን አላወቅኩም ቲቸር» አለች።

«እንዴት?»

«ሞተር ላይ የሚቀመጠው ትርፍ ሌላ ነው። ነጋዴ የሚያገኘው ትርፍ ሌላ ነው።»

«ቃሉ አንድ ነው።»

«አንድ ቃል እንደ አገባቡ ይለያያል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

አስተማሪው ሳቅ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ታሪክ ወደ መልካም መጨረሻ ሲሄድ ካላየ የማይተኛ ሰው ነው። «እሺ፣ በራስሽ መንገድ ጻፊው። ከየት እንደመጣ ግን መኖር አለበት። መግቢያ ከሌለ ርዕሱ አይፈቀድም፤ አበቦቹን መልሰን እናመጣለን።»

መጻፉ አላስቸገራትም። ጠዋቱን፣ ዝናቡን፣ ባትሪውን፣ እህቷን እንደነበሩ አስቀመጠቻቸው። እህቷ ላይ ምንም አልጨመረችም፤ መጨመር አያስፈልግም ነበር። አንብባ ስትጨርስ ጥሩ መሆኑን አወቀች። ጥሩ መሆኑ ነው ያስጨነቃት።

እህቷ ዩኒፎርም ስትተኩስ ነበር። ሁለቱ የሚያድሩባት ክፍል ጠባብ ስለሆነች አልጋው ላይ ጨርቅ አንጥፋ ነው የምትተኩሰው።

«መግቢያ እየጻፍሽ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ጡሩንባ ነዋ፤ ማን ይላል።»

«ጨርሻለሁ።»

«ውስጡ አለሁ?»

«አንቺ ከሌለሽ ምኑን እጽፈዋለሁ?»

ካውያው ኮሌታው ላይ ሄደ፤ ተመለሰ። «አባባ ሊመጣ ነው አይደል ምረቃው ላይ? እማዬም ፈረቃ ቀይራለች።»

«አዎ።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ?»

«ካላሰኘሽ አትጠይቂ።»

«ይቅርታ» አለች እህቷ፣ የተዋሰውን መጽሐፍ እንደሚመልስ ሰው።

«እሺ።»

«ግን ቃሉ የኔ አይደለም።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«የኔ አይደለም ስልሽ። እኔ ከየት አመጣዋለሁ? ያን ጊዜ ገና ፊደል ነበር የምቆጥረው። እማዬ አንቺን ማርገዟን የነገረችው ቀን ወጥ ቤት በር ላይ ነበርኩ። ሰምቶ ሳቀ። ‹እንግዲህ ወንበሩ ሞልቷል፤ ይሄኛው ትርፍ ነው› አላት። እማዬ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ድስቱ አዙራ ቆየች። እኔ ቃሉ አልገባኝም ነበር፤ ስላላሳቃት ነው የያዝኩት።»

«አባባ?»

«ሌላ አባት አለሽ?» ካውያውን አቆመችው። «ያን ቀን ጠዋት ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። እሱ መሪውን እንደያዘ ነው፤ አየሁት። አወቀው። እንግዲህ ከጻፍሽ ሁሉንም ጻፊ። እኔን ብቻ አደባባይ አታስጪኝ።»

ይህ ነገር መግቢያውን አበላሸው። እስከዚያ ድረስ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ጥፋተኛ ነበር፤ ጥፋተኛዋም ብትጻፍ የማይጎዳት፣ ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትረሳው ልጅ ናት። አሁን የቀረበላት ሌላ ነው። እህቷን ብቻ ከጻፈች ግማሽ እውነት ነው። አባቷን ከጻፈች፣ ብቸኛ ኮቱን ለብሶ ፊት ለፊት በተቀመጠ ሰው ላይ ማንበብ አለባት፤ እናቷም አጠገቡ ትሆናለች። ካልጻፈች ርዕሱ ይቀራል፤ የጻፈችው ሁሉ አበባ ተለጥፎበት ይወጣል። ይሄ የመጨረሻው ቀላል ነገር ይመስላል። ለሷ ግን ቀላል አልነበረም። ትርፍ የሚለውን ቃል ብዙ ለፍታበታለች።

አባቷን ያገኘችው ሚኒባሱን ሲያጥብ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩን ሁሉ ከፍቶ፣ ምንጣፉን አጥሩ ላይ አስጥቶ፣ ከወንበር ስር ሰው የጣለውን ይለቅማል። ባልዲውን ሞልታ አቀበለችው።

«አባባ፣ ትርፍ ናት ብለሃል?»

ምንን ብሎ አልጠየቀም። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ። «ብያለሁ።»

«ቀልድ ነበር?»

ጨርቁን ጨመቀው። ጊዜ ወስዶ ጨመቀው። «ግማሹ።»

የሌላውን ግማሽ ጠበቀች። አባቷ የበሩን ሐዲድ እየጠረገ ነበር።

«መኪናው ያን ጊዜ የኔ አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «የሰው ነበር። ባለቤቱ ሊሸጠው ነው ይባል ነበር። እናትሽ ስትነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን አይደለም። ለልጅ የማይነገር ነገር ነው፤ ጠየቅሽኝ።»

«ያን ቀን እሷ ስትለኝ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበላት? ‹ማን አስተማረሽ?› ልበላት?»

ልጅቷ ሌላ ነገር ጠብቃ ነበር። አባቶች እንዲህ ያለ ጊዜ የሚሉት ነገር አለ፤ ቆይቶ ግን ከሁሉም አንቺን ወደድኩ፣ ቤቱን ያሞቅሽው አንቺ ነሽ፣ የመሳሰለው። አባቷ አላለም። ወንበሩን ገልብጦ ስፖንጁን አራገፈ።

«መግቢያ ጻፊ ተብያለሁ» አለችው። «ከየት እንደመጣ። እናንተ ፊት አነበዋለሁ።»

«እህትሽ ነግራኛለች።»

«ልጻፈው?»

«ልጄ፣ ከአፌ ወጥቷል እኮ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ አሁን ሮጬ አልይዘውም።» ቀና ብሎ አያት። «ከፈለግሽ ጻፊው። ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ሹፌር ሆኖ ሳይሰደብ ያመሸ የለም፤ አንቺ ደግሞ በሥርዓት ነው የምትሰድቢው፣ በሥነ ጽሑፍ።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ያሳቃቸው ነገር የሚያስቅ እንዳልሆነ አውቀው ሥራቸውን ቀጠሉ። እሷ መስተዋቱን በጋዜጣ ጠረገች። ፈቃድ ባይሰጣት ይሻላት ነበር። ቢከለክላት ተናዳ ትጽፈው ነበር፤ አሁን የሚያናድዳት እንኳ የላትም።

በማግስቱ አስተማሪው ቢሮ ስትገባ ሁለት ነገር ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ «ትርፍ» የሚል ሽፋንና «የነገ አበቦች» የሚል ሽፋን። አበባውን የሳለው ሰው ጊዜ ወስዷል።

«አመጣሽው?»

አንድ ወረቀት ሰጠችው። አስተማሪው አነበበ፤ ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«አንድ መስመር ነው» አለ።

«አዎ።»

ጮክ ብሎ አነበበው። «‹ትርፍ የሚለውን ርዕስ ያወጣሁት እኔ ነኝ።›» መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ እኮ ልክ አይደለም። ታክሲ ውስጥ እህትሽ ናት ያለችሽ፤ ጥበቃው እንኳ ያውቃል።»

«እሱ ቅጽል ስሜ ነው ቲቸር። ቅጽል ስም ሰው ነው የሚያወጣው። የብዕር ስሜን ግን እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ማንም እጄን አልያዘኝም። ርዕሱን ደግሞ እርስዎ ጠቆሙ፣ እኔ እሺ አልኩ። እሺ ባልል አይሆንም ነበር።»

«ሰው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይፈልጋል።»

«ይፈልግ።»

«የሚያለቅሱበት ቦታ ነበር እኮ» አለ አስተማሪው፣ ከልቡ እያዘነ።

«አውቃለሁ። ጽፌው ነበር። ጥሩ ነበር።»

«ታዲያ ስጪኛ።»

«የለም። ቀድጄዋለሁ።»

አስተማሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ኮሪደሩ ላይ ደወሉ ተደወለ፤ እግር በበዛበት መተላለፊያ ንፋስ ገብቶ ሽፋኖቹን አንቀሳቀሳቸው። አበባውን በአንድ እጁ፣ ትርፍን በሌላው ያዘ።

«ርዕሰ መምህሩ ‹ስድቡን ማን ሰደበሽ?› ቢሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ስድብ ነው ካሉ ስድብ ነው። እኔ አልተከራከርኩም። ማትረፍ ነው፣ በረከት ነው እያልኩ አላሳምረውም። ማን እንዳለው ደግሞ አልናገርም። መግቢያ ይኑር ብለዋል፤ ይሄው መግቢያ። አጠረ እንዳይሉኝ፣ ርዝመቱን አልነገሩኝም።»

«እኔ ልጨምርበት እችላለሁ?»

«አይችሉም።»

ይህን ያህል ቀጥ ያለ መልስ ለአስተማሪ ሰጥታ አታውቅም። ሰውየው ግን አልተቆጣም፤ መስመሯን እንደገና አነበባት፣ አሁን በዝምታ። አበባ የተሳለበትን ሽፋን ገልብጦ አስቀመጠው፤ ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር ምናምን ይጻፍበት ይሆናል።

«ለርዕሰ መምህሩ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ። «ቃል አልገባልሽም። እምቢ ካሉ?»

«እምቢ ካሉ የኔን ጽሑፎች ከመጽሐፉ ያውጧቸው። አበቦቹ ብቻቸውን ይታተሙ።»

«ግማሹ መጽሐፍ ይጎድላል።»

«ይጎድላል።»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ወጣች። የቢሮው በር ማጠፊያው የረገበ ስለሆነ በእጀታው ከፍ ካላደረጉት አይገጥምም፤ ተማሪ ሁሉ ገርበብ አድርጎት ነው የሚሄደው። እሷ ከፍ አደረገችው፣ ገፋችው፣ ዘጋችው።